ካመለከታችሁ በኋላ፦ ኢሜይል፣ ስልክ፣ ሊንክድኢን ወይስ ዝምታ?

ሲቪው ተልኳል። የማመልከቻ ደብዳቤውም አብሮ ሄዷል። ሰውን የሚፈትነው ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ስልክ በጠራ ቁጥር ልብ ይሰቀላል፤ ኢሜይል በየሰዓቱ ይከፈታል። «ደውዬ ልጠይቅ እንዴ?» ይላል አንዱ ሐሳብ። «ተው፣ ሙጭጭ ያልክ ትመስላለህ» ይላል ሌላው።

በእኔ እምነት መጠየቅ ምንም ነውር የለበትም። ሰው የሚሳሳተው አጠያየቁ ላይ ነው። በኢሜይል ሲላክ ጨዋ የሚመስል ጥያቄ፣ በስልክ ሲሆን ጭቅጭቅ ሊመስል ይችላል። ሌላ ቦታ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ኢሜይል ከፍቶ የማያውቅ ቀጣሪ አንድ ስልክ ሲደወልለት «ነገ ጠዋት ና» ይላል። ስለዚህ መንገዱን ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ቅጥሩ አሁን የት ደርሷል? ጥያቄዬን የሚቀበለው ሰውስ ማን ነው?

ቀኑን ከየት ነው የምትቆጥሩት?

ብዙ ሰው መቁጠር የሚጀምረው ማመልከቻውን ከላከበት ቀን ነው። ቀጣሪው ግን የሚቆጥረው የማመልከቻ ጊዜው ካበቃበት ቀን ነው። ማስታወቂያው በወጣ ማግስት አመለከታችሁ እንበል። ማብቂያው ሦስት ሳምንት ቢቀረው፣ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ፋይላችሁን የከፈተ ሰው ላይኖር ይችላል። ብዙ ድርጅቶች ማመልከቻዎችን ሰብስበው የሚያዩት ጊዜው ሲያበቃ ነው። ከዚያ የሰው ሀብት ክፍሉ መስፈርቱን የማያሟሉትን ይለያል። የቀሩትን ሠራተኛው ለሚያስፈልገው ክፍል ኃላፊ ይልካል። ኃላፊው አይቶ ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩትን ይመርጣል። ኃላፊው ፈቃድ ላይ ከሆነ ወይም በጀቱ ሳይጸድቅ ከዘገየ፣ ሁሉም ነገር እዚያው ይቆማል። ይህ ሁሉ ከእናንተ ችሎታ ጋር አይገናኝም።

ስለዚህ የማብቂያ ቀን ካለ፣ ከዚያ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። የማብቂያ ቀን ከሌለው፣ ወይም «ሰው እስኪገኝ ድረስ ክፍት ነው» ከተባለ፣ ከላካችሁበት ቀን አንድ ሳምንት ይበቃል። እንዲህ ያለው ቦታ ማመልከቻ እንደመጣ ስለሚታይ ብዙ መቆየት ይጎዳል።

ማስታወቂያው ራሱ «በስልክ መጠየቅ አይቻልም» ካለ ስልኩን እርሱት። «የምናነጋግረው የተመረጡትን ብቻ ነው» የሚለው ግን ሌላ ነው። ለሁሉም መልስ አንሰጥም ማለታቸው ነው፤ አትጠይቁን አላሉም። አንድ አጭር ኢሜይል ማንንም አያስቀይምም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ማስታወቂያውን ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ጊዜው ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ከድረ ገጹ ይነሳል። ያን ጊዜ የመደቡን ትክክለኛ ስም፣ የማስታወቂያ ቁጥሩን፣ የተጠየቀውን መስፈርት ከየት ታመጣላችሁ? ለቃለ መጠይቅ ብትጠሩ የምትዘጋጁትም ከእሱ ነው።

ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት ፖርታሉን እዩ

ትልልቅ ድርጅቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት እንደ ወርክዴይና ግሪንሃውስ ባሉ የቅጥር ሶፍትዌሮች ነው፤ አመልካቹ የሚገባበት ገጽ ፖርታል ይባላል። አካውንት ከፍታችሁ ካመለከታችሁ፣ የምትፈልጉት መልስ እዚያው ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ግቡና እዩ። የስፓም ሳጥኑንም ፈትሹ፤ የቃለ መጠይቅ ግብዣ ሳይቀር እዚያ የሚገባበት ጊዜ አለ።

ፖርታሉ የሚለውን ሁሉ ግን በእኩል ዓይን አትዩት። «በግምገማ ላይ» የሚለው ቃል ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ሌላ ሰው ተቀጥሮ ሥራ ከጀመረ በኋላም ጭምር። እዚያ ገብቶ የሚቀይረው ሰው ነውና ሥራ ሲበዛበት ይረሳዋል። «አልተመረጡም» የሚለውን እመኑት። «ማመልከቻው አልተጠናቀቀም» የሚል ካያችሁ ደግሞ ወዲያው ገብታችሁ የጎደለውን ሙሉ። የመጨረሻው ቁልፍ ሳይጫን የቀረ ፎርም ለቀጣሪው አልደረሰም ማለት ነው።

«ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚለው አውቶማቲክ ኢሜይል ላይ መልሳችሁ አትጻፉ። አድራሻው ላይ «ኖ ሪፕላይ» የሚል ካለ፣ የምትጽፉትን የሚያነብ ሰው የለም።

ኢሜይል ወይስ ስልክ?

ዋናው ምርጫ እዚህ ጋ ነው። ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው በቅርብ እንየው።

የቅጥር ባለሙያዋ ጠዋት ኢሜይሏን ትከፍታለች። በአንድ ጊዜ አምስት የሥራ መደብ ይዛለች። ርዕሱ «ስለ ሥራ» የሚል መልእክት አለ። ውስጡ «ጤና ይስጥልኝ፣ ሲቪ ልኬ ነበር፣ ምን ደረሰ?» ይላል። ስም የለውም። የኢሜይል አድራሻው ቅጽል ስም ነው። መደቡ አልተገለጸም። ይህን ሰው ለማግኘት አምስቱንም ዝርዝር ማገላበጥ አለባት። አታገላብጥም፤ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። የሚቀጥለው ርዕስ ላይ የመደቡ ስም፣ የማስታወቂያ ቁጥሩና የአመልካቹ ሙሉ ስም አለ። ስሙን ኮፒ አድርጋ ሲስተሙ ውስጥ ትፈልጋለች። ታገኘዋለች። «ምርጫው አልተጠናቀቀም፣ በሚቀጥለው ሳምንት እናሳውቃለን» ብላ ትመልሳለች። ከደቂቃ በላይ አልወሰደባትም።

ልዩነቱ ይኸው ነው። እንዲህ ብትጽፉ በቂ ነው፦

ርዕስ፦ የሒሳብ ባለሙያ፣ የማስታወቂያ ቁጥር፣ ሙሉ ስም

«ጤና ይስጥልኝ። ለሒሳብ ባለሙያ የሥራ መደብ ማመልከቻዬን ባለፈው ወር ልኬያለሁ። የማመልከቻ ጊዜው ካበቃ ሁለት ሳምንት ስለሆነው፣ ምርጫው የት እንደደረሰ ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል። የሚጎድል ማስረጃ ካለም ወዲያው እልካለሁ። ለትብብርዎ አመሰግናለሁ።»

ከታች ሙሉ ስምና ስልክ። አለቀ። ሥራው ምን ያህል እንደሚያስፈልጋችሁ መዘርዘር አያስፈልግም፤ አንባቢውን ያሳቅቀዋል እንጂ አይረዳችሁም። ሲቪውንም ደግማችሁ አታያይዙ። ሁለት ዓይነት ሲቪ ሲኖር የትኛው እንደሚያዝ ግራ ያጋባል። ማመልከቻውን የላካችሁት በኢሜይል ከነበረ ግን አዲስ መልእክት አትክፈቱ። ያንኑ የላካችሁትን ከፍታችሁ እሱ ላይ ጻፉ፤ የቀድሞው መልእክት ከታች ስለሚታይ ሰውየው አይቸገርም። ቋንቋው ደግሞ ማስታወቂያው የወጣበት ቋንቋ ይሁን።

ካመለከታችሁ በኋላ አዲስ ነገር ካገኛችሁ፣ ለምሳሌ የሙያ ፈቃድ ከወጣላችሁ ወይም ትምህርታችሁን ከጨረሳችሁ፣ ይህ ከሁሉ የተሻለ መጻፊያ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ መልእክታችሁ ለፋይላችሁ የሚጠቅም ነገር ይዞ ይሄዳል።

ስልክ የሚሻለው መቼ ነው? ባለቤቱ ራሱ የሚቀጥርበት ትንሽ ድርጅት ከሆነ። ሆቴል፣ ካፌ፣ ሱቅ፣ ጋራዥ፣ ግንባታ ላይ ከሆነ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ስልክ ብቻ ከሆነ። በእነዚህ ቦታዎች ሰው የሚፈለገው ለዛሬና ለነገ ነው፤ ኢሜይል የሚከፍትም ላይኖር ይችላል። ምግብ ቤት ከሆነ በምሳ ወይም በእራት ግርግር አትደውሉ።

የስልክ ጥቅሙ ቁርጣችሁን ቶሎ ማወቃችሁ ነው። ጉዳቱ ደግሞ የምትደውሉለት ሰው ፋይላችሁን ፊቱ ሳያደርግ መመለስ ስላለበት ነው። እንዲህ የተያዘ ሰው የሚቀለውን መልስ ይሰጣል፤ «እናሳውቃለን» ይላችኋል። የተባባላችሁትም ጽሑፍ ላይ አይቀርም። ስልኩን የሚያነሳው ብዙ ጊዜ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ነው። እሱን «ተመርጫለሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ለእሱም ጭንቀት ነው። «ይህን ቅጥር የሚከታተለው ማን ነው? በምን ላገኛቸው እችላለሁ?» ብትሉት ግን ሊመልሰው የሚችለው ጥያቄ ነው። ስምና የኢሜይል አድራሻ ይዛችሁ ስልኩን ከዘጋችሁ፣ ያ ጥሪ ተሳክቷል።

ትክክለኛው ሰው ከተገኘ ስማችሁንና መደቡን ተናገሩ፤ «አሁን ይመችዎታል?» በሉ፤ ጠይቁ። «እናሳውቅዎታለን» ካሉ «በግምት እስከ መቼ ልጠብቅ?» ብላችሁ፣ አመስግናችሁ ዝጉ። የተባለውን ቀን ጻፉት። ጸጥ ያለ ቦታ ሆናችሁ ደውሉ። ደግሞ እባካችሁ እናትን፣ አባትን ወይም ታላቅ ወንድምን አታስደውሉ። የሚያደርጉት በፍቅር ነው፣ ይገባኛል፤ ቀጣሪው ግን ስለ እናንተ የሚያስበውን ይለውጠዋል።

ግራ ከገባችሁ ኢሜይሉን ምረጡ። ተቀባዩ በሚመቸው ሰዓት ያየዋል። ለኃላፊው ማስተላለፍ ይችላል። ለእናንተም ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል። ከአንድ ሳምንት በኋላ መልስ ከሌለ ያን ጊዜ ስልክ ይጨመራል። በአንድ ቀን ኢሜይልም ስልክም አታድርጉት።

ሊንክድኢንና የመልእክት መተግበሪያዎች

ሊንክድኢንን እኔ ከምንም በላይ የምጠቀምበት ሰዎቹን ለማወቅ ነው። ማስታወቂያው እዚያ የወጣ ከሆነ፣ ያወጣው ሰው ስም አንዳንዴ ከጎኑ ይታያል። ኢሜይላችሁን «ለሚመለከተው ሁሉ» ከማለት በስሙ መጻፍ ትችላላችሁ። መልእክት ለመላክ ከሆነ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ከግንኙነት ጥያቄ ጋር የሚሄደው ማስታወሻም ከዚያ ብዙ አይፈቅድም። ከመላካችሁ በፊት ፕሮፋይላችሁ ላይ ያሉት የሥራ ዓመታት ከሲቪው ጋር መግጠማቸውን አረጋግጡ። ሰውየው መጀመሪያ የሚያደርገው ፕሮፋይላችሁን መክፈት ነውና።

አንድ ሰው ብቻ ምረጡ። ለቅጥር ባለሙያውም፣ ለክፍል ኃላፊውም፣ ለዳይሬክተሩም በአንድ ቀን የጻፈ አመልካች አለ። ሰዎቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ።

ዋትስአፕና ቴሌግራም ላይ የምጽፍበት ሁኔታ ሁለት ብቻ ነው። ወይ ማስታወቂያው ቁጥሩን ለዚህ ብሎ ሰጥቷል፣ ወይ እነሱ አስቀድመው በዚያ ጽፈውልናል። ከዚህ ውጭ የሰው የግል ስልክ ፈልጎ አግኝቶ መጻፍ ቤቱ ድረስ እንደመሄድ ነው። የድምፅ መልእክት ደግሞ በፍጹም። ሰውየው ለማዳመጥ ሥራውን ማቆም አለበት፤ ስማችሁን ከዚያ ውስጥ ፈልጎ ለማውጣትም ይቸገራል።

በአካል መሄድስ? ደንበኛ የሚገባና የሚወጣበት ቦታ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ሥራ አስኪያጁን በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ማግኘት ይቻላል። በር ላይ ጥበቃ ያለው፣ ያለ ቀጠሮ የማያስገባ መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። በር ላይ ቆሞ ደጅ መጥናት ድካሙ ለእናንተ ብቻ ነው። ማመልከቻ በእጅ ብቻ የሚቀበሉ ከሆነ የተቀበለውን ሰው ስምና ቀኑን ያዙ፤ በኋላ የምትጠይቁት በእሱ ነው።

ውስጥ የምታውቁት ሰው ካለ

ከሁሉም መንገድ ጉልበት ያለው ይህ ነው። ቶሎ የሚበላሸውም እሱ ነው። ውስጥ ያለው ጓደኛ «ምርጫው ገና ነው» ወይም «ባለፈው ሳምንት ሰው ተጠርቷል» ብሎ ቢነግራችሁ፣ ከሁለት ሳምንት ጭንቀት ትድናላችሁ። ጥያቄው ግን እዚያ ላይ ይቁም። «አስገባኝ» ካላችሁት ስሙንም እንጀራውንም ለእናንተ እንዲያሲዝ እየጠየቃችሁት ነው።

ሪፈራል፣ ማለትም የሠራተኞቻቸውን ጥቆማ፣ በሚቀበሉ ድርጅቶች ደግሞ ጊዜው ወሳኝ ነው። ብዙዎቹ ሲስተሞች ማን እንደጠቆማችሁ የሚመዘግቡት ስታመለክቱ ነው፤ ካመለከታችሁ በኋላ መጨመር ይከብዳል። ጓደኛችሁን ማነጋገር ያለባችሁ ከማመልከታችሁ በፊት ነው ማለት ነው። በአንዳንድ የመንግሥትና የዓለም አቀፍ ተቋማት ማስታወቂያ ላይ ደግሞ የምርጫ ኮሚቴውን በግል ማነጋገር ከውድድር እንደሚያስወጣ ተጽፎ ይገኛል። ማስታወቂያውን እስከ ታች አንብቡት።

ከቃለ መጠይቅ በኋላ ነገሩ ይለወጣል

አሁን የምታውቁት ፊት አለ። መጠየቅም ከበፊቱ ይበልጥ ተገቢ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ አጭር የምስጋና ኢሜይል ላኩ። በጥቅሉ «አመሰግናለሁ» ብሎ ከማለፍ፣ ከተነጋገራችሁበት አንድ ነገር አንሱ። «ስለ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ቆጠራ የነገሩኝ ችግር እኔም የሠራሁበት ነው» የምትል አንዲት መስመር ሰውየው እናንተን ከሌሎቹ ለይቶ እንዲያስታውስ ታደርገዋለች። ያልተነጋገራችሁበትን ነገር ግን አትፍጠሩ።

ቃለ መጠይቁ ሊያልቅ ሲል «ውሳኔውን እስከ መቼ ልጠብቅ?» ብላችሁ መጠየቅ አትርሱ። ያ ቀን ከተነገራችሁ በኋላ የምትጨነቁበት ነገር ይቀንሳል። ቀኑ ካለፈ ሁለት ወይም ሦስት የሥራ ቀን ጨምራችሁ ጻፉ። «እስከ ዓርብ» ተብሎ ዓርብ ከሰዓት መደወል አያምርም፤ ቅጥር ሲዘገይ ያለ ነው።

ከቃለ መጠይቅ በኋላም ስልክ ከኢሜይል የሚበልጥበት አንድ አጋጣሚ አለ። ሌላ ቦታ ሥራ ተሰጥቷችሁ መልስ እየተጠበቀባችሁ ነው፣ እናንተ ግን የምትፈልጉት ይሄኛውን ነው። ያን ጊዜ ደውሉ፤ ወዲያው ደግሞ በኢሜይል አረጋግጡ። «ሌላ ድርጅት ሥራ ሰጥቶኛል፤ እስከ ሐሙስ መልስ መስጠት አለብኝ። የእናንተን ቦታ የበለጠ ስለምፈልገው ውሳኔው ከዚያ በፊት ሊታወቅ ይችል እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው» ብላችሁ በቀጥታ ተናገሩ። እውነት ከሆነ ብቻ ነው ታዲያ። ለማስቸኮል ብላችሁ የሌለ ሥራ አትጥቀሱ። «እንግዲያው እሱን ያዙት፣ መልካም ዕድል» ካሏችሁ መመለሻ የለውም።

ዝም የሚባለውስ መቼ ነው?

ሁለት ጊዜ ጠይቃችሁ፣ በመካከሉም ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ አሳልፋችሁ መልስ ከጠፋ አቁሙ። ሦስተኛው መልእክት መልስ ሲያመጣ ብዙም አይታይም። ዝም ያለ ድርጅት ዳግም ሊጠራችሁ ይችላል፤ እናንተ ግን ጊዜያችሁን ወደ ሌላ ማመልከቻ አዙሩት። በነገራችን ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሌላ ቦታ ማመልከት ማቆም የለባችሁም። አንድ ቦታ ላይ ልባቸውን ጥለው ሁለት ወር የቆዩ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ለዚህ አንዲት ደብተር ወይም ኤክሴል ይበቃል። የላካችሁበት ቀን፣ የመደቡ ስም፣ የማስታወቂያ ቁጥር፣ የጠየቃችሁበት ቀን፣ የመለሰው ሰው ስም። ድንገት ስልክ ተደውሎ «ለመደቡ አመልክተው ነበር» ስትባሉ «የትኛው?» ከማለት ትድናላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልናገር። ክትትል ላይ ሳላችሁ «ማመልከቻዎ አልፏል፣ ለመመዝገቢያ ይህን ያህል ይክፈሉ» የሚል መልስ ቢመጣ አትክፈሉ። እውነተኛ ቀጣሪ ለቃለ መጠይቅ ወይም ለቅጥር ከአመልካች ገንዘብ አይሰበስብም። በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ባለው ስልክ ደውላችሁ አጣሩ፤ መልእክቱ ውስጥ ባለው ቁጥር ግን አትደውሉ። ሥራ ፍለጋ የደከመውን ሰው እነዚህ ሰዎች በደንብ ያውቁታል።

«አልተመረጡም» የሚል መልስ ከመጣም አጭር ምላሽ ይገባዋል። «ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ፣ ወደፊት ተመሳሳይ ቦታ ሲኖር ደግሜ አመለክታለሁ» በሉ። አስተያየት ከፈለጋችሁ «ለምን አልተመረጥኩም?» ብላችሁ አትጠይቁ። ክርክር እንዳይመጣ ስለሚፈሩ ብዙዎቹ ለዚህ መልስ አይሰጡም። «ለሚቀጥለው ጊዜ በየትኛው መስፈርት ላይ ብዘጋጅ ይጠቅመኛል?» የሚለው ለመመለስ ይቀላል። «በተጠባባቂነት ተይዘዋል» ከተባላችሁ ደግሞ ዝርዝሩ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያገለግል ጠይቁ። የተመረጠው ሰው ሥራውን ሳይጀምር ሊቀር፣ ወይም በሙከራ ጊዜው ሊለቅ ይችላል። ያን ጊዜ ቀጣሪው አዲስ ማስታወቂያ ከማውጣቱ በፊት ለተጠባባቂዎቹ ሊደውል ይችላል። በመሃል ስልክ ቁጥር ከቀየራችሁ በዚያው ኢሜይል ላይ አሳውቋቸው።